የተራመደ ፈረስ ባለቤቱ ማነው?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 2016 ኒውዮርክ ከተማ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ለዳኛ ቪክተር ማሬሮ የቀረበው ጥያቄ፣ ላይ ላዩን ሲያዩት ለፍርድ ቤት ቀርቶ ለቡና ወሬም የሚበቃ አይመስልም፡፡ አንድ የቼስ ተጫዋች ሕዝብ እያየው ፈረሱን ከአንድ ካሬ ወደ ሌላ ካሬ ቢያራምድ፣ «ፈረሱ እዚህ ደረሰ» ብሎ ለሌላ ሰው መናገር የማን መብት ነው? ጥያቄው የመጣው የዓለም ቼስ ሻምፒዮናን የንግድ መብት ይዞ ከነበረው አጎን ከተባለ ኩባንያ ወገን ነበር፡፡ በማግስቱ ማግነስ ካርልሰንና ሰርጌይ ካርያኪን ማንሃተን ውስጥ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ሊያደርጉ ቀጠሮ ተይዟል፡፡ ኩባንያው ሌሎች ድረ ገጾች የጨዋታውን እርምጃዎች በዚያው ሰዓት እየተከታተሉ እንዳያስተላልፉ ጊዜያዊ እግድ ጠየቀ፡፡ ዳኛው እግዱን አልሰጡም፡፡

ጉዳዩ የስልሳ አራት ካሬ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የቼስ አፍቃሪዎች ይነጋገሩበት ብለን በተውነው ነበር፡፡ ነገር ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ ሁላችንንም ይመለከታል፡፡ በአደባባይ የተፈጸመ ነገር ባለቤት አለው ወይ? ድግሱን የደገሰ ሰው የድግሱን ወሬም ይዞ መሸጥ ይችላል ወይ? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ቼስን የሚተነትኑ ሰዎች ሥራ ምን እንደሆነ በማየት እንጀምር፡፡

ምስል ሳይኖር የታየ ጨዋታ

እግር ኳስን ለማየት አስተርጓሚ አያስፈልግም፡፡ ኳስ መረብ ውስጥ ስትገባ ሕፃንም ያውቃል፡፡ ቼስ ግን ከዚህ ይለያል፡፡ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ለሰዓታት ሰሌዳ ሲመለከቱ ከማየት በቀር ዓይን የሚይዘው ነገር የለም፡፡ ጦርነቱ ያለው ተጫዋቾቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው፡፡ እዚያ ያለውን አውጥቶ ለተመልካቹ የሚያሳየው ተንታኙ ነው፡፡ «ይህን ያደረገው ለምንድን ነው? ያንን ቢያደርግ ምን ይደርስበት ነበር?» የሚለውን የሚመልስ ሰው ከሌለ ጨዋታው ለብዙው ሰው የተቆለፈ ሳጥን ነው፡፡

ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ምስክር እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የሬይኪያቪክ ግጥሚያ ነው፡፡ አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር የሶቪየቱን ቦሪስ ስፓስኪን የገጠመበት ይህ ውድድር የቀዝቃዛው ጦርነት አንድ ግንባር ተደርጎ ሲታይ ነበር፡፡ የፊልም መብቱን ቼስተር ፎክስ የተባለ ሰው ገዝቶት ነበር፡፡ ፊሸር ግን ካሜራዎቹ ይረብሹኛል አለ፡፡ በዚሁ ጭቅጭቅ የተነሣ ሁለተኛውን ጨዋታ ሳይቀርብ ቀርቶ በፎርፌ ተሸነፈ፤ ሦስተኛው ጨዋታ ደግሞ ከተመልካች ርቆ በጓዳ ክፍል ተካሄደ፡፡ የፊልሙ ንግድ ከሰረ፣ ፎክስም ፊሸርን ፍርድ ቤት ከሰሰው፡፡

ታዲያ ዓለም ጨዋታውን አላየውም? በሚገባ አይቶታል፡፡ በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ሼልቢ ላይማን የተባለ፣ ቀደም ሲል ሶሲዮሎጂ ያስተማረ የቼስ መምህር፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ሰሌዳ ይዞ ለሰዓታት ይቀርብ ነበር፡፡ ከአይስላንድ የሚደርሰው ነገር ምስል አልነበረም፡፡ በቴሌታይፕ የሚመጣ የእርምጃ ዝርዝር ብቻ ነበር፡፡ አንድ እርምጃ እስኪደርስ ላይማን ይገምታል፣ ይከራከራል፣ ከተጋባዦቹ ጋር ይወያያል፤ እርምጃው ሲደርስ ጠጠሩን በሰሌዳው ላይ ያንቀሳቅሳል፡፡ በዚያ ክረምት ቼስ በአሜሪካ የቤት ውስጥ ወሬ ሆነ፡፡ በገንዘብ የተገዛው ምስል ከሽፎ፣ ማንም ያልሸጠው እርምጃና የአንድ ሰው ትንታኔ ግጥሚያውን ለሕዝብ አደረሰው፡፡

ከዚህ ታሪክ አንድ ነጥብ እንያዝ፡፡ የእግር ኳስ ውጤት ጨዋታው ራሱ አይደለም፡፡ «ሁለት ለአንድ አለቀ» የተባለ ሰው ጨዋታውን አየ አይባልም፡፡ የቼስ እርምጃ ዝርዝር ግን ጨዋታው ራሱ ነው፡፡ አርባ እርምጃ ያለው ጨዋታ በግማሽ ገጽ ወረቀት ይጻፋል፤ ያንን ወረቀት የያዘ ሰው አዳማም ይሁን አርጀንቲና ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሶ መጫወት ይችላል፡፡ የአዘጋጆቹ ጭንቀት የሚመነጨው ከዚህ ነው፡፡ እርምጃው ነፃ ከሆነ እኛ የምንሸጠው ምን ቀረን ይላሉ፡፡

ትኩስ ዜና እና ሕግ

የኒውዮርኩ ክርክር ከሰማይ የወረደ አልነበረም፡፡ አያቱ እ.ኤ.አ. የ1918ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፡፡ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኸርስት ኩባንያ የነበረው ኢንተርናሽናል ኒውስ ሰርቪስ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ የቴሌግራፍ መስመሮቻቸውን ስለከለከሉት ከጦር ግንባር ዜና የሚያገኝበት መንገድ ጠበበ፡፡ ስለዚህ ተፎካካሪው አሶሺየትድ ፕሬስ በምሥራቅ ጠረፍ ከተሞች የለጠፈውንና ያሳተመውን ዜና እየለቀመ ወደ ሌሎች ከተሞች ይልክ ጀመር፡፡ የምዕራቡ ጠረፍ ሰዓት ከምሥራቁ ወደኋላ ስለሚቀር አንዳንዴ ከባለቤቱ እኩል ወይም ቀድሞ ይደርስ ነበር፡፡ ፍርድ ቤቱ፣ ዜና ራሱ የማንም ንብረት ባይሆንም፣ ሌላው የደከመበትን ትኩስ ዜና ሳይቀዘቅዝ ወስዶ መሸጥ ያልተገባ ውድድር ነው ሲል ወሰነ፡፡ በልዩነት ከቆሙት ዳኞች አንዱ የነበሩት ሉዊስ ብራንዳይስ ግን፣ ለሕዝብ የተነገረ እውቀት ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት፣ ይህን የሚገድብ አዲስ መብት መፍጠርም የፍርድ ቤት ሥራ አይደለም የሚል አቋም ያዙ፡፡

ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ ጥያቄው በስፖርት በኩል ተመለሰ፡፡ ሞቶሮላ በ1990ዎቹ የቅርጫት ኳስ ውጤቶችን በየጥቂት ደቂቃው የሚያሳይ ፔጀር ገበያ ላይ አዋለ፡፡ መረጃውን የሚልኩት ሰዎች ጨዋታውን በቴሌቪዥን ወይም በሬዲዮ የሚከታተሉ ነበሩ፡፡ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ማኅበር ኤንቢኤ ከሰሰ፡፡ ኒውዮርክን የሚያካትተው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 የሰጠው ውሳኔ ሁለት ነገሮችን ለየ፡፡ የጨዋታው ስርጭት፣ ማለትም ምስሉና ድምፁ፣ በቅጅ መብት ይጠበቃል፡፡ ጨዋታው ራሱ ግን ደራሲ የጻፈው ድርሰት አይደለም፤ ውጤቱና ቁጥሩም የሆነውን ነገር መናገር ነው፡፡ የ1918ቱን የትኩስ ዜና መብትም ፍርድ ቤቱ በጣም አጠበበው፡፡ ከሳሹ ሌላው ሰው በእሱ ድካም ላይ ተንጠልጥሎ በቀጥታ እንደሚፎካከረው፣ ይህም አገልግሎቱን ለማቅረብ የነበረውን ምክንያት እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ ማሳየት አለበት አለ፡፡

ዳኛ ማሬሮ የቼሱን ክስ የመዘኑት በዚህ ሚዛን ነው፡፡ ተከሳሾቹ ድረ ገጾች እርምጃውን በራሳቸው ወጪ አሰባስበው፣ የራሳቸውን ተንታኝ አስቀምጠው፣ የራሳቸውን አገልግሎት የሚሰጡ ናቸው፡፡ የአዘጋጁን ቪዲዮ አልሰረቁም፡፡ በድርጊት ላይ የተመሠረተ ዘገባ በስፋት መሰራጨቱም የሕዝብ ጥቅም ነው፡፡ እግዱ የተከለከለው በዚህ አካሄድ ነበር፡፡

ሌሎች አገሮችም ከዚህ የተለየ አላሉም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 ሶፊያ ላይ ቪስዋናታን አናንድ ቬሴሊን ቶፓሎቭን ሲገጥም የቡልጋሪያ ቼስ ፌዴሬሽን ቼስቤዝ የተባለውን የጀርመን ኩባንያ እርምጃዎቹን አስተላልፏል በሚል በርሊን ውስጥ ከሰሰ፤ በ2011 ክሱ ውድቅ ሆነ፡፡ ራሱ አጎንም በማርች 2016 ሞስኮ ላይ በተካሄደው የተፈታታኞች ውድድር፣ ጨዋታው ካለቀ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማንም እርምጃ እንዳያስተላልፍ የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር፡፡ ደንቡን ያልተቀበለ የሩሲያ የቼስ ዜና ድረ ገጽን ሞስኮ በሚገኘው የንግድ ፍርድ ቤት ቢከስም በዚያው ዓመት ተረታ፡፡ በርሊን፣ ሞስኮና ኒውዮርክ በሕግ ሥርዓታቸው አይመሳሰሉም፡፡ በዚህች ነጥብ ላይ ግን የደረሱበት ቦታ አንድ ነው፡፡

የአዘጋጁን ጩኸትም እንስማ

ፍርድን ያለ ሁለተኛው ወገን ቃል መስማት ልማዳችን መሆን የለበትም፡፡ አዘጋጁ የሚለው ከንቱ አይደለም፡፡ የዓለም ሻምፒዮና በነፃ አይዘጋጅም፡፡ የኒውዮርኩ የሽልማት ገንዘብ አንድ ሚሊዮን ዩሮ ነበር፤ በ2024ቱ የሲንጋፖር ግጥሚያ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል፡፡ አዳራሹ፣ ጥበቃው፣ ዳኞቹ፣ ድምፅ የማያሳልፈው መስታወት ሁሉ ወጪ ነው፡፡ ይህን ሁሉ ችዬ ሳዘጋጅ፣ አንድ ድረ ገጽ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች አስቀምጦ ማስታወቂያ ይሰበስባል፤ ይህ ፍትሕ ነው ወይ ይላል፡፡

ሌላም ጠንከር ያለ መከራከሪያ አለ፡፡ ታላቅ የቼስ ጨዋታ የፈጠራ ሥራ ነው፤ ሙዚቃ ደራሲ ካለው ይህ ለምን አይኖረውም የሚል፡፡ ሲሰሙት ያሳምናል፡፡ ሲያስቡበት ግን አይቆምም፡፡ አንደኛ፣ ይህ «ድርሰት» ሁለት ደራሲዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ደግሞ የሌላውን ሥራ ለማበላሸት የተቀመጡ ናቸው፡፡ ሁለተኛ፣ እርምጃ ባለቤት ካለው ነገ ያንኑ እርምጃ የሚደግም ተጫዋች ሌባ ሊባል ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ ቭላዲሚር ክራምኒክ ጋሪ ካስፓሮቭን ሲያሸንፍ ዋና ጋሻው የበርሊን መከላከያ የሚባለው አሮጌ አጀማመር ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ ያላየነው ታላቅ ተጫዋች የለም በዚያ መንገድ ያልሄደ፡፡ ያ እርምጃ የክራምኒክ ወይም የአዘጋጁ ንብረት ቢሆን ኖሮ የቼስ እውቀት በዚያው ቀን በቆመ ነበር፡፡

በሌላ በኩል ደግሞ ስርጭትን መገደብ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2022 ሴንት ሉዊስ ላይ በተካሄደው የሲንክፊልድ ዋንጫ፣ ካርልሰን በሃንስ ኒማን ተሸንፎ ከውድድሩ ከወጣ በኋላ አዘጋጆቹ ስርጭቱን በ15 ደቂቃ አዘገዩት፡፡ ምክንያቱ ገንዘብ አልነበረም፤ ከውጭ ያለ ሰው ጨዋታውን እያየ በኮምፒዩተር እገዛ ለተጫዋች ምልክት እንዳይልክ ነበር፡፡ እንዲህ ያለው መዘግየት በሁሉም ላይ እኩል ይሠራል፣ ዓላማውም የጨዋታውን ንጽሕና መጠበቅ ነው፡፡ አጎን ሞስኮ ላይ ካወጣው ደንብ የሚለየውም በዚህ ነው፡፡ ያኛው እርምጃውን ለራሱ ደንበኞች በሰዓቱ እያሳየ፣ ሌላው ግን ሁለት ሰዓት እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ነበር፡፡ የሕግ ሰው ሁለቱን አንድ ስም ሰጥቶ ማለፍ የለበትም፡፡ ገደብ ሁሉ አፈና አይደለም፤ በሥርዓት ስም የሚወጣ ደንብ ሁሉም ሥርዓት አይደለም፡፡

የራሱ ሰሌዳ ዙሪያ

የእኛም ታሪክ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚለው አለው፡፡ የአገራችን ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼስ ጋር አንድ ግንድ ያለው፣ የራሱ ሕግና ባሕርይ የነበረው ጨዋታ ነው፡፡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራዩ ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ የተገኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያየውን ጽፎ ትቶልናል፡፡ በእሱ ምስክርነት ጨዋታው ጫጫታ የበዛበት ነበር፡፡ በዙሪያው የተቀመጠው ሁሉ፣ ባሪያዎቹ ሳይቀሩ፣ አስተያየት ይሰጣል፤ የተሻለ እርምጃ የታየው ሰው እጁን ዘርግቶ ጠጠሩን አንስቶ ያሳያል፡፡ እንግዲህ የቀጥታ ትንታኔ ከዚህ በላይ ምን አለ? ማዕረግ በጥብቅ በተለየበት ግቢ ውስጥ፣ በሰሌዳው ዙሪያ አፍ ያልነበረው ሰው አልነበረም፡፡

ሶልት ግን አንድ ነገር ጨምሯል፡፡ ያ ሁሉ ጫጫታ ኖሮም በመጨረሻ ነገሩ በዘዴ እየተመራ አሸናፊው ሁልጊዜ ራስ ነበሩ፡፡

በዚች ዓረፍተ ነገር ውስጥ የዛሬው ክርክር ሁሉ አለ፡፡ ሰሌዳው የራስ ነው፣ ግቢው የራስ ነው፣ ተንታኞቹም እንጀራቸው ከራስ ነው፡፡ መናገር ተፈቅዷል፤ የሚነገረው ግን የት ላይ መቆም እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፡፡ የሻምፒዮናው ትንታኔ በአዘጋጁ እጅ ብቻ ቢቀር የሚገጥመን ይኸው ነው፡፡ የአዘጋጁ ተንታኝ አዋቂ ሊሆን ይችላል፤ በ2016ቱ የኒውዮርክ ግጥሚያ በኦፊሴላዊው ስርጭት የቀረበችው ዩዲት ፖልጋር በዘመናት ሁሉ ከታዩት ሴት ተጫዋቾች የላቀች ናት፡፡ የእውቀት ችግር የለም፡፡ ችግሩ የቦታ ነው፡፡ ደሞዝ የሚከፍለው አዘጋጅ ስህተት ሲሠራ፣ ጨዋታው ሲያሰለች፣ ደንቡ ሲጣስ፣ ማን ይናገራል?

በሲንጋፖሩ የ2024 ግጥሚያ ይህን በተግባር አይተናል፡፡ ዲንግ ሊረንና ዶማራጁ ጉኬሽ ሲጫወቱ፣ የቀድሞው ሻምፒዮን ካርልሰን ራሱ ባቋቋመው መድረክ ላይ ሆኖ ጨዋታው የዓለም ሻምፒዮና ደረጃ እንደማይመስል በግልጽ ተችቷል፡፡ ትችቱ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ብዙዎች አልተስማሙበትም፡፡ ቁም ነገሩ ግን ይህ አስተያየት በባለቤቱ ሰሌዳ ዙሪያ ሳይሆን ከግቢው ውጭ መነገሩ ነው፡፡

ሁሉን የሚያውቅ ማሽን ሲመጣ

ዛሬ ደግሞ ሦስተኛ ተናጋሪ መጥቷል፡፡ በስርጭቱ ጠርዝ ላይ የምትታየው ነጭና ጥቁር አሞሌ የኮምፒዩተሩን ፍርድ በየሴኮንዱ ታሳያለች፡፡ ሼልቢ ላይማን ሲገምት ተመልካቹም አብሮት ይገምት ነበር፤ ዛሬ ግን ቼስን ያልተማረ ሰው እንኳ ማን እንደተሳሳተ ከሻምፒዮኑ ቀድሞ ያውቃል፡፡

ዲሴምበር 12 ቀን 2024 ይህ በመላው ዓለም ፊት ተፈጸመ፡፡ የመጨረሻው 14ኛ ጨዋታ ወደ አቻ እያመራ፣ ሰዉ ስለ ማግስቱ የፈጣን ጨዋታ መለያ ማውራት ጀምሮ ነበር፡፡ ዲንግ በ55ኛው እርምጃ ሩክ የሚባለውን ጠጠር ወደ ተሳሳተ ካሬ ወሰደ፡፡ አሞሌዋ ወዲያው ተገለበጠች፤ ተንታኞቹ ጮኹ፡፡ ሰሌዳው ፊት የነበረው ጉኬሽ ግን፣ በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ስህተቱን ወዲያው አላየውም፤ ሌላ እርምጃ ሊያደርግ ነበር፡፡ ከሴኮንዶች በኋላ ሲያየው ነው ፊቱ የተለወጠው፡፡ በዚያ ቀን በ7.5 ለ6.5 አሸንፎ በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፡፡

እንግዲህ ማሽኑ ሁሉን ከነገረን ተንታኙ ለምን ያስፈልጋል የሚል አለ፡፡ መልሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ላይ ተሰጥቷል፡፡ በካርልሰንና በፋቢያኖ ካሩዋና ስድስተኛ ጨዋታ፣ ኖርዌይ የሚገኘው ሴሴ የተባለ ኃይለኛ ኮምፒዩተር ካሩዋና አሸናፊ እርምጃ እንዳለው አወጀ፡፡ ካሩዋና አላየውም፤ ጨዋታው አቻ አለቀ፡፡ አሞሌዋን ብቻ ያየ ተመልካች «ሻምፒዮና አመለጠው» ብሎ ፈረደበት፡፡ ካስፓሮቭን የመሳሰሉ አዋቂዎች ግን ያ እርምጃ ከሰላሳ እርምጃ በላይ አርቆ ማየት የሚጠይቅ፣ ሰው ሊያስበው የማይችል መሆኑን አስረዱ፡፡ ቁጥሩ ውሸት አልነበረም፡፡ ያለ ማብራሪያ የቀረበ ቁጥር ግን በሰው ላይ ሐሰተኛ ፍርድ አስፈረደ፡፡ ትንታኔ ማለት በሆነው ነገርና በትርጉሙ መካከል ያለውን ርቀት መሸፈን ነው፡፡ ማሽኑ ይህን ርቀት አላጠበበውም፤ እንዲያውም አስፍቶታል፡፡

ይህ ለሕጉ ጥያቄም መልስ ይሰጣል፡፡ እርምጃው ነፃ ከሆነ ምን እንሸጣለን ላለው አዘጋጅ፣ መልሱ «ጥሩ ትንታኔና ጥሩ ምስል ሽጥ» ነው፡፡ የተጫዋቹ ፊት፣ የሚንቀጠቀጠው እጅ፣ የዝምታው ክብደት፣ የአዋቂ ማብራሪያ፤ እነዚህ ሁሉ በሕግ የተጠበቁ፣ ማንም ሊቀዳቸው የማይችል ሀብቶች ናቸው፡፡ የጉኬሽን ፊት ከዝርዝር እርምጃ ማግኘት አይቻልም፡፡

ፍርድ ቤት የከለከለውን ገበያ ሲሰጥ

ታሪኩ ግን በፍርድ ቤት ድል አያበቃም፡፡ የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን ፊዴ ከ2018ቱ ግጥሚያ በኋላ የሻምፒዮናውን የንግድ መብት ከአጎን መልሶ ወሰደ፡፡ በ2021 ዱባይ ላይ ካርልሰን ኢያን ኔፖምኒያቺን ሲገጥም፣ አናንድ በተንታኝነት የቀረበበትን የፌዴሬሽኑን ስርጭት ማንም በነፃ መከታተል ይችል ነበር፡፡ በ136 እርምጃ በሻምፒዮናው ታሪክ ረጅሙ የሆነውን ስድስተኛ ጨዋታ የፈለገ ሰው በፈለገው ተንታኝ ተመለከተው፡፡ በዚያን ጊዜ የኒውዮርኩ ፍርድ ፍሬ አፍርቶ ነበር፡፡

ነገር ግን በ2016 ከተከሰሱት መካከል በትንታኔው ጥራት የታወቀው ቼስ24፣ መጀመሪያ የካርልሰን ስም ባለበት የፕሌይ ማግነስ ኩባንያዎች ስብስብ ውስጥ ገባ፡፡ በ2022 ደግሞ ስብስቡን ከነቼስ24 ትልቁ ተፎካካሪ ቼስ ዶት ኮም ገዛው፡፡ በ2024 መጀመሪያ ቼስ24 በነበረበት መልኩ ተዘጋ፡፡ ልብ በሉ፤ አንድ ኩባንያ በፍርድ ቤት እግድ ሊያገኘው ያልቻለውን የተፎካካሪ ዝምታ፣ ሌላው በግዢ ውል አገኘው፡፡ ይህ ሕገወጥ አይደለም፡፡ ገዥው ጥሩ ስርጭት አያቀርብም ማለትም አይደለም፡፡ ሆኖም ዳኛው በር ላይ ያስቆሙት አደጋ በመስኮት መግባት እንደሚችል ያሳያል፡፡ በእርምጃ ላይ ባለቤትነት አለመኖሩ ብቻውን ብዙ ድምፅ አይፈጥርም፤ አዲስ ድምፅ ሲመጣ ግን መንገዱ ክፍት እንዲሆን ያደርጋል፡፡ ሊቼስ የተባለውን፣ በመዋጮ የሚተዳደርና ማስታወቂያ የሌለውን መድረክ ማሰብ በቂ ነው፡፡ ታላላቅ ውድድሮችን ሁሉ እርምጃ በእርምጃ ያስተላልፋል፤ እርምጃ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ድርጅት ገና በሩ ላይ በቀረ ነበር፡፡

ወደ እኛ ሕግ ስንመለስ

ጥያቄው አዲስ አበባ ላይ ቢነሣስ? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 5 ጥበቃ የማይሰጣቸውን ሲዘረዝር ሐሳብን፣ ዘዴን፣ ግኝትንና ተራ መረጃን በዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፡፡ በሌላ በኩል ይኸው አዋጅ ለብሮድካስት ድርጅቶች በስርጭታቸው ላይ መብት ይሰጣል፡፡ ሁለቱን አጣምሮ ያነበበ ሰው የሚደርስበት ቦታ ከኒውዮርኩ ብዙ አይርቅም፡፡ ስርጭቱ የአሰራጩ ነው፤ የሆነው ነገር ግን የማንም አይደለም፡፡

ይህ የመጽሐፍ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፡፡ የስፖርት የቴሌቪዥን መብት በእኛም አገር በውል የሚሸጥ ሆኗል፤ መሸጡም ለክለቦቹ በጎ ነው፡፡ ነገ አንድ የመብት ባለቤት «ስታዲየም የገባ የኤፍ ኤም ጋዜጠኛ ጎል መቆጠሩን በስልክ እንዳይናገር» ብሎ ቢመጣ፣ ወይም በመግቢያ ትኬቱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ቢያሳትመው፣ ምን እንላለን? የሸጠው ምስሉን ነው ወይስ እውነቱንም ጭምር? መልሱን አስቀድሞ ያላሰበ ማኅበረሰብ፣ ጥያቄው ሲመጣ በጉልበተኛው መልስ ይገዛል፡፡ ዛሬ ጎል ነው፤ ነገ የጉባኤ ውሎ፣ ከነገ ወዲያ የጨረታ ውጤት ሊሆን ይችላል፡፡ «ያዘጋጀሁት እኔ ነኝና ወሬውም የእኔ ነው» የሚለው አመክንዮ አንዴ በስፖርት በር ከገባ በሌላው በር ለመውጣት አይቸገርም፡፡

ስለዚህ ድንበሩን አጥርተን እናስቀምጥ፡፡ አዘጋጅ አዳራሹን ይሽጥ፣ ምስሉን ይሽጥ፣ የቀጠረውን ተንታኝ ድምፅ ይሽጥ፤ ሕግም ይጠብቅለት፡፡ የጨዋታው ንጽሕና የሚጠይቅ ከሆነ በሁሉም ላይ እኩል የሚሠራ መዘግየት ያውጣ፡፡ ፈረሱ ከተራመደ በኋላ ግን፣ መራመዱን መናገርና ለምን እንደተራመደ መከራከር ለአየውና ለሰማው ሁሉ የተተወ ነው፡፡ በራስ ወልደ ሥላሴ ሰሌዳ ዙሪያ ባሪያው እንኳ እጁን ዘርግቶ ጠጠር ያነሣ ነበር፡፡ የጎደለው «ጌታዬ፣ ተሸንፈዋል» የሚል ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ከግቢው ውጭ ካልሆነ በቀር አይገኝም፡፡